ደብተሩን ዝጉት፦ ነርሲንግ ስማር የጠቀመኝ አጠናን

አንደኛ ዓመት ላይ አናቶሚን (የሰውነት አሠራር ትምህርትን) በሃይላይተር እየቀባሁ ነበር የማነበው። ገጹ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ፈተና ላይ ግን ከ12ቱ የራስ ቅል ነርቮች 5ቱን ብቻ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ አንብቤ ደብተሩን እዘጋለሁ። እናንተም ሞክሩት። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ፣ የጎደለውን በቀይ ሙሉ። በማግስቱ ድገሙት፤ ከ3 ቀንና ከሳምንት በኋላም። መጀመሪያ ያደክማል፣ ግን ጭንቅላት ውስጥ የሚቀረው ይሄ ነው።

የመድኃኒት ስሌት በንባብ አይገባም፤ በየቀኑ 3 ጥያቄ ሥሩ። 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ተባለ እንበል። ቱቦው በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይሰጣል። 1000ን በ20 አባዙ፣ ለ480 ደቂቃ አካፍሉ፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። መልሱን ሁለቴ አረጋግጡ። አንድ ዜሮ ብትሳሳቱ የሚጎዳው ሰው ነው።

ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ያያችሁትን አንድ ታካሚ፣ ስም ሳትጽፉ፣ ማታ ከመጽሐፉ ጋር አገናኙ። የልብ ድካም የገባኝ እግራቸው ያበጠ አንዲት እናት ሳክም ነው። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። ያንን ገጽ ዳግም ማንበብ አላስፈለገኝም።

ተረኛ ሆናችሁ ካደራችሁ ግን መጀመሪያ ተኙ።