የማዳበሪያ ድጎማ ከእጃችን የሚያመልጥባቸው ስህተቶች

ጅማ አጠገብ ከርሳ የሚኖረው ገበሬው አጎቴ ሐሙስ ዕለት ጅማ ሂርማታ ገበያ መጥቶ ቤት ጎራ አለና፣ "ድጎማ ድጎማ ይላሉ፣ እኔ እስካሁን አምስት ሳንቲም አላየሁም" አለኝ። ብር ይሰጡኛል ብሎ ነበር የሚጠብቀው።

የመጀመሪያው ስህተት ይኼ ነው። ድጎማው በጥሬ ብር አይመጣም። መንግሥት ማዳበሪያውን ከውጭ ያስገባል፣ ከዋጋው የተወሰነውን ይሸፍናል፣ የቀረውን ገበሬው ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይከፍላል። ድጎማው ያለው ጆንያው ውስጥ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ስለተወደደ፣ አንድ ጆንያ ማጣት ከባድ ኪሳራ ነው።

ዘር ሲደርስ ለመመዝገብ መሮጥም አያዋጣም። ማዳበሪያው በጅቡቲ ወደብ ዞሮ ነው ጅማ የሚደርሰው፣ ጊዜ ይወስዳል። ፍላጎታችሁን ቀድማችሁ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አስመዝግቡ።

ስማችሁንም አመሳክሩ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል)፣ መታወቂያው በአማርኛ ሲሆን መሐመድና ሙሃመድ ሁለት ሰው ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ደረሰኝ ሳይቀበሉ መውጣት ግን እኔን በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ነው። አጎቴ አንድ ዓመት የ2 ኩንታል ከፍሎ ሦስት ጆንያ ይዞ ገባ። አንዱ ጆንያ 50 ኪሎ ነው፤ አራት መሆን ነበረበት። "ቀሪው ነገ ይመጣል" አሉት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ ያስረከቡት በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣትን ደረሰኝ ሲያወጣ ነው። ስለዚህ እዚያው ቆማችሁ ጆንያውን ቁጠሩ፣ ከደረሰኙ ጋር አስተያዩ።

ለነጋዴ መሸጥም አለ። የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ሲያስጨንቅ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ አልፈርድም። ግን በድጎማ የተገኘ ማዳበሪያ መሸጥ ያስጠይቃል፤ በቆሎውም ሲቀጭጭ ያው ቤተሰብ ነው የሚራበው።

አፈሩን ሳያስመረምሩ ማዳበሪያ መጨመርም ብር መቅበር ነው። ጅማ ዙሪያ ብዙ ቦታ አፈሩ አሲዳማ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል፣ ሥሩ አያገኘውም። ምርመራው አሲዳማ ነው ካለ፣ ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ኖራ ጨምሩ።

ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ደግሞ በአንድ ጊዜ አትጨርሱ። 46 በመቶው ሰብሉን የሚያሳድገው ናይትሮጅን ነው፤ ላይ ላዩን ከተበተነ ከፊሉ እንደ ጋዝ ይተናል። ከፊሉን አስቀምጡና በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ጨምሩ፣ አፈር አልብሱት። አጎቴ በእግሩ ጣት ነው አፈር የሚመልስበት፣ ይበቃል።

እስከዚያው የቀረውን ጆንያ መሬት ላይ አታስቀምጡ። በጅማ ዝናብ ዩሪያ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ላይ አድርጉት፣ አፉንም ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት።