የግቢዎን መዋኛ ገንዳ ስፋትና ጥልቀት እንዴት ይወስናሉ?

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ላይ ቤት የሠራ ሰው ገንዳ ሲያምረው በሐሳቡ የሚመጣበት የሶደሬው ነው። ሶደሬ ግን ፍል ውሃ ከመሬት ይወጣለታል። የእርስዎ ውሃ በቦቴ ተጭኖ፣ በብር ተገዝቶ፣ ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ልኩን ከግቢው ስፋት አይጀምሩ፤ ከሚዋኙት ሰዎችና ከውሃው ይጀምሩ።

መጀመሪያ ማን እንደሚገባበት ይወቁ። ሜትር ይያዙና ግድግዳ ላይ ከወለሉ 1.20 ሜትር ከፍ ብሎ መስመር ያስምሩ፤ ቤተሰቡንም ተራ በተራ በመስመሩ አጠገብ ያቁሙ። ቁመቱ 1.65 ሜትር ለሆነ ሰው መስመሩ ደረቱ አካባቢ ይውላል። ለዋና ይህ ይበቃል፤ ሲዋኝ እግሩ ወለል አይነካም፣ ሲደክመው ደግሞ መቆም ይችላል። ከ1 ሜትር ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ 1.50 የሚወርድ ወለል ለአብዛኛው ቤተሰብ ተስማሚ ነው። ለሕፃናት ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍል በግንብ ለይቶ መሥራት ይሻላል። የትም ቢሆን ወለሉ በድንገት አይውረድ፤ መዋኘት የማይችል ሰው አንድ እርምጃ ሲጨምር ነው የሚሰጥመው።

ብዙ ሰው በአንዱ ጫፍ የውሃውን ጥልቀት 2 ሜትር ያደርገዋል። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ጥልቀት ይህ ነው፤ ለመቆም ጥልቅ፣ ለመጥለቅ ደግሞ ጥልቀት የሌለው። በጭንቅላት ዘሎ ለመግባት ቢያንስ 2.70 ሜትር ያስፈልጋል። ውሃውን ያን ያህል የማያጠልቁት ከሆነ መዝለሉን ይከልክሉና 1.50 ላይ ያቁሙ።

ቀጥሎ ወደ ግቢው ይውጡ። ለልጆች ጨዋታ 6 በ3 ሜትር በቂ ነው፤ እጅ ዘርግቶ መዋኘት ለሚወድ ጎልማሳ ግን 8 ወይም 10 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ስፋቱን ግን አያብዙት፤ ሰው የሚዋኘው በርዝመቱ ነው። ችካል ይትከሉ፣ ሲባጎ ይወጥሩ፣ በመስመሩ ላይ ኖራ ይበትኑና ለአንድ ሳምንት በዙሪያው ይመላለሱ። 8 በ4 የሆነ ገንዳ በየጎኑ 1 ሜትር መተላለፊያ ሲጨመርበት 60 ካሬ ይወስዳል። ግቢዎ 250 ካሬ ከሆነ ሩቡ ሄደ ማለት ነው፤ የፓምፑ ክፍል ገና አልተቆጠረም። ከቤቱ መሠረትና ከጎረቤት አጥር ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል ይራቁ፤ ከሴፕቲክ ታንክም እንዲሁ።

አሁን ውሃውን ያስሉ። ርዝመት በስፋት፣ ከዚያ በአማካይ ጥልቀት ይባዛል። 8 በ4 በ1.25 ማለት 40 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 40,000 ሊትር ነው። አሥር ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ አራት ጊዜ ይመላለሳል። ገንዳውን 10 በ5፣ አማካይ ጥልቀቱንም 1.50 ቢያደርጉት ግን 75,000 ሊትር ይሆናል። በየጎኑ የተጨመረው ጥቂት ሲመስል ውሃው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ትነትም አለ፦ በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ ከ32 ካሬ ላይ 160 ሊትር ጠፋ። ማሞቅ ከፈለጉ ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ዲግሪ ለመጨመር 1.16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ትንሹን ገንዳ በ10 ዲግሪ ማሞቅ 464 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ የኅዳር ሌሊት መልሶ የሚያቀዘቅዘው ሳይታሰብ። ሌሊት መሸፈኛ የማያለብሱት ከሆነ ማሞቂያውን ባይገዙ ይሻላል።

ጥልቀቱን ከመቁረጥዎ በፊት አፈሩን ይዩ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ገንዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። አፈሩ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት አለበት፤ ምን ያህል እንደሚወጣ መሐንዲስ ይወስናል። ገንዳው በጠለቀ ቁጥር ይህም ወጪ ይጨምራል። የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍረው ክረምት ላይ ውሃ ያቆር እንደሆነ ይመልከቱ። ካቆረ ጥልቀቱን ይቀንሱ፣ ከወለሉ ሥርም ማንጣፈፊያ ያሠሩ። በነሐሴ ለጽዳት ብለው ያን ገንዳ ባዶ ቢያደርጉት ከሥር የሚገፋው ውሃ አርማታውን እንደ ታንኳ ሊያነሣው ይችላል።

ከቆፋሪው ጋር ሲዋዋሉ አንድ ነገር ይለዩ፦ «1.50» ያሉት የውሃው ጥልቀት ነው ወይስ የጉድጓዱ? ውሃው ከጠርዙ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ ወለሉ ራሱ ውፍረት አለው፣ ከሥሩ ድንጋይና ገረጋንቲ ይገባል። ለ1.50 ውሃ ጉድጓዱ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። በስዕሉ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻ ይጻፉ፤ የዙሪያው አጥርም ከ1.20 ሜትር እንዳያንስ፣ በሩም ራሱ የሚዘጋ እንዲሆን አብሮ ይግባ። ከዚያ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው በጥቅምት ያስቆፍሩ።