ጎንደር ላይ ሰፈር ምግብ ቤት ስትገቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ፋሲል ግቢን ሲዞር አርፍዶ ራበኝ አለ። ፒያሳ ላይ መብላት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ማራኪ ሰፈር ውስጥ ወደማዘወትራት ቤት ይዤው ሄድኩ። አምስት ጠረጴዛ፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ ከጓዳ የሚመጣ የቁሌት ሽታ። ዘመዴ ግን ከተቀመጠባት ደቂቃ ጀምሮ እስክንወጣ ድረስ የተሳሳተው ስህተት ብዛቱ ይህን ለመጻፍ አበቃኝ። እሱ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ተወልደን ያደግን ሰዎችም የምንሳሳታቸው አሉበት።

ሜኑውን ማመን

መጀመሪያ ያደረገው በላስቲክ የታሸገውን ሜኑ መግለጥ ነው። አራት ገጽ ሙሉ ምግብ!

«ላዛኛ አለ?»
«የለም።»
«ሩዝ በአትክልት?»
«ዛሬ የለም።»
«አሳ ጉላሽስ?»
«አሳ አልገባም።»

አስተናጋጇ ታክታለች፣ እሱም ተናዷል። «እህቴ፣ ምን ደርሷል?» አልኳት። ፊቷ ወዲያው ፈታ አለ። «ተጋቢኖ አለ፣ ምስር ወጥ አለ፣ ጎመኑ አሁን ከእሳት ወረደ።»

የሰፈር ቤት ሜኑ አንዴ ማተሚያ ቤት ሄዶ የተሠራ ነው፤ ባለቤቷ ወደፊት እሠራዋለሁ ብላ ያሰበችውም፣ ድሮ ሠርታ የተወችውም ሁሉ እዚያው ተጽፎ ይኖራል። ጓዳው ግን የሚሠራው ጠዋት ገበያ የተገኘውን ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ምን አላችሁ?» ሳይሆን «ምን ደርሷል?» ነው። «አለ» የሚባለው ትናንት ተሠርቶ ፍሪጅ ያደረውንም ይጨምራል። ያደረ ወጥ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው በአሥር ደቂቃ የቀረበለት ዶሮ አሁን የተሠራ ነው ብሎ አይጠብቅም፤ እንዲያውም አድሮ የሚጥም ወጥ ነው። ተጋቢኖ ግን ሌላ ነው። ለእናንተ ተብሎ በሸክላው ይሠራል፣ እየተንተከተከ ይመጣል። ተንተክትኮ ካልመጣ ከሌላ ድስት የተገለበጠ ሽሮ ነው፤ መልሱት ባልልም ሁለተኛ እዚያ ቤት ተጋቢኖ አትዘዙ።

ቀን ሳይቆጥሩ መውጣት

ረቡዕና ዓርብ እንግዳ ይዞ ጥብስ ፍለጋ የሚዞር ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ከተማ ናት፤ የጾም ቀን ኩሽናዋንም ይለውጠዋል። በሁዳዴ 55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤት በሩን ይዘጋል፤ አንዳንዱ ቀለም የሚቀባው፣ ወንበር የሚያስጠግነውም ያኔ ነው። ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾምና ነሐሴ 1 የሚገባው ፍልሰታም አሉ። በተቃራኒው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ሽሮ ቤት ገብታችሁ ደህና በያይነት ብትፈልጉ ከሦስት ዓይነት በላይ ላታገኙ ትችላላችሁ። በያይነት የሚያምረው በጾም ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚበላው ድስቱ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል።

ሰዓትም አለው። በፍልሰታ ቅዳሴ አስቀድሶ የሚወጣ ሰው የሚበላው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ወንበር ለማግኘት ትጋፋላችሁ። የማትጾሙ ከሆነ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ። ስትበሉ ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ሰው እየጠበቀ ሊሆን ይችላልና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

የጥምቀት ሰሞን ሌላ ጉድ ነው። ጥር 10 እና 11 ከተማዋ እንግዳ አይበቃትም፤ የለመዳችኋት ቤት እንኳን እናንተን ለይታ የምታስተናግድበት ጊዜ አይኖራትም። እኔ በእነዚያ ቀናት ቤቴ ነው የምበላው።

ስለ አሳ አለመጠየቅ

አሳው የሚመጣው ከጣና ነው፤ በጎርጎራ በኩል። መንገዱ ቅርብ ነው፣ ሆኖም ቅርብ መሆኑ አሳውን ትኩስ አያደርገውም። «መቼ ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ «ቆሮሶ ነው አምባዛ?» በሉ። አምባዛ ቅርፊት የለውምና የማይበሉት ብዙ ናቸው፤ ጉላሽ ሆኖ ከመጣ በኋላ ደግሞ መለየት ይከብዳል። አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ግን ማዕድ ላይ አትጀምሩት። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ አያልቅም።

ሥጋ ቤት ገብቶ ዝም ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ነውና።

ሥጋ ቤት የሚታዘዘው ከወንበር ላይ ሳይሆን ቆሞ ነው። ተነሱ፣ መስኮቱ ጋ ሂዱ፣ የተሰቀለውን እዩ። «ከየቱ ልቁረጥ?» ሲላችሁ «ደህናውን» ማለት ትልቁ ስህተት ነው፤ ለሥጋ ቆራጭ ደህናው ቶሎ ማለቅ ያለበት ነው። ለጥሬ ከሆነ ሻኛ ወይም ታናሽ በሉ፣ ለጥብስ ጎድን ትንሽ ጮማ ጨምሮበት። ስሙን ካላወቃችሁት በጣት አሳዩ፣ ነውር የለበትም። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ እዩት። ቆሻሻውና ጅማቱ ከመመዘኑ በፊት ይነሳ ወይስ በኋላ የሚለውን እዚያው ተነጋገሩ።

አንድ ጊዜ ሦስት ሆነን አንድ ቤት ገባን። ዋጋውን ግድግዳው ላይ አይቼ ነበርና «ኪሎ ጥበስልን» ብዬ ተቀመጥኩ። ሂሳቡ ሲመጣ የኪሎው ዋጋ አለ፤ ከዚያ መጥበሻ ተብሎ ሌላ፣ እንጀራ በቁጥር፣ አዋዜ ለብቻው፣ በመጨረሻ ቫት 15 በመቶ በሁሉም ላይ። ማንም አላታለለኝም፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈው የጥሬው ዋጋ ነበር፣ እኔ አልጠየቅኩም። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር አለችኝ፦ «ከነመጥበሻው፣ ከነእንጀራው፣ ከነቫቱ ስንት?» ይህችን ስትጠይቁ የሚቆጣ ቤት ካጋጠማችሁ ውጡ።

ጥሬ ለምትወዱ አንድ ነገር። ኮሶ የሚይዘው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ ሚጥሚጣ አይገድለውም፣ አረቄም አይገድለውም፣ ሰናፍጭም ያው ነው። የሚገድለው በደንብ የገባ እሳት ነው። ለብለብ ማለትም ማብሰል አይደለም። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ስለነበር በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ ነበር። እኛ ቁርጡን ይዘን ኮሶውን ተውን! ጥሬ የምትበሉ ከሆነ ቢያንስ አልፎ አልፎ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ መድኃኒቱ የጥቂት እንክብል ጉዳይ ነው።

የጋበዙትን ሰው መርሳት

መሥሪያ ቤት አብረን የምንውል ስድስት ሰዎች ለምሳ ወጣን፤ አንዱ ሙስሊም ነው። ማንም ልብ ሳይል ሥጋ ቤት ገባን። እሱ ለስላሳ አዞ «በልቻለሁ» አለ። አልበላም ነበር። እስካሁን ያሳፍረኛል።

የእርድ ነገር በጎንደር ቀላል ነገር አይደለም፤ ክርስቲያኑ ከሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም ከክርስቲያን እርድ አይበላም። «ሽሮ ይብላ እንጂ» ማለትም መፍትሔ አይሆንም፤ ድስቱና ማንኪያው የሚያሳስበው ሰው አለ። ድብልቅ ሆናችሁ ከወጣችሁ ቤቱን እንግዳው ይምረጥ። አዲስ አለም አካባቢ ደህና ደህና የሙስሊም ቤቶች አሉ፤ ጾም ያልሆነ ቀን እንኳ ሁላችሁም ፉል ወይም እንቁላል ልትበሉ ትችላላችሁ። እዚያ ገብቶ ቢራ መጠየቅ ግን አይሆንም። ዳሽን የከተማችን ቢራ ቢሆንም ለሌላ ሰዓት ይቆየን።

«እንብላ» ሲባሉ ስልክ ማየት

ትንሽ ቤት ስትገቡ የሚበላ ሰው ቀና ብሎ «እንብላ» ይላችኋል። የአዲስ አበባው ዘመዴ ሰውዬውን አያውቀውምና ዝም ብሎ አለፈ። ሰውዬው ጉርሻውን እንደያዘ ሲከተለው የነበረውን ዓይን አየሁት። «ይባረክ» ማለት ምን ይከብዳል? ቁጭ ብላችሁ ብሉልኝ ማለቱ እንዳልሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፤ ቃሉ ግን መልስ ይፈልጋል። ወንበር ጠፍቶ ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ብትጋሩ ደግሞ ቀድሞ የቀረበለት «እንብላ» ይላል፤ ሌላው አመስግኖ የራሱን ይጠብቃል።

አስተናጋጇን በ«አንቺ!» መጥራት

ማጨብጨብ ድሮ ቀረ። «ስሚ!» የሚል ሰው ግን ዛሬም አለ። «እህቴ»፣ «የኔ እህት» በቂ ነው። ባለቤቷ ራሷ ወጥታ ስታስተናግድ፣ በዕድሜም ገፋ ያለች ከሆነች፣ «እትዬ» በሏት፤ ትልልቅ እናቶችን «አንቱ» ማለት እዚህ አልቀረም። ይህን የምለው ስለ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ጎመኑ ላይ አንድ ጭልፋ የሚጨመረው፣ እንጀራው ከታች ሳይሆን ከላይ የሚነሳው፣ «ዛሬ ምስሩን ተወው፣ ጨው በዝቶበታል» የሚባለው እሷ ከወደደችህ ነው።

ውሃ አለ ብሎ ማሰብ

ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠውን የአንገረብን ግድብ የሚያውቅ ጎንደሬ ይህን ማንበብ አያስፈልገውም። ለእንግዳ ግን፦ ቧንቧው አይወርድ ይሆናል። ከማዘዛችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ የምትታጠቡበት ነገር ብዙ ይነግራችኋል። ባለ ቧንቧ በርሜል ተሞልቶ ሳሙና ካለው ቤቱ ተዘጋጅቷል። ግማሽ ጀሪካን ውሃና አንድ ኩባያ ብቻ ካያችሁ ሰላጣና ያልበሰለ ቲማቲም አትዘዙ፤ ከእሳት የወጣውን ብሉ። ጓዳው የሚያጥብበት ውሃም ያው ከዚያው ነው።

ሂሳብ ላይ

ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጥሬ ብር ሳይዙ መውጣት ተለመደ። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ግን መታወቂያ አስይዞ ብር ፍለጋ መሄድ አለ፤ ደርሶብኛል። የአንድ ምሳ ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ስትልኩም የሚወጣውን ስም አንብባችሁ «ይኼ የቤቱ ነው?» በሉ፤ ለአስተናጋጅ የግል ቁጥር ተልኮ በኋላ ጭቅጭቅ የሆነበትን አይቻለሁ።

«በሞቴ እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ ደግሞ አለ። መክፈል የፈለገ ሰው እጅ ሊታጠብ ተነሥቶ ባንኮኒው ጋ ጨርሶ ይመለሳል። ጠረጴዛ ላይ ብር የሚወረውረው ብዙ ጊዜ መከልከሉን የሚያውቅ ነው።

ለአስተናጋጇ የምትተዉት ስሙ ጉርሻ ነው፣ እንደ አፍ ጉርሻው። ስለዚህ ሳንቲም ለቃቅማችሁ ትሪ ላይ አትበትኑ፤ በእጇ ስጧት።

ከአቦል ተነሥቶ መሄድ

ዘመዴ ሂሳብ እንደተከፈለ ቦርሳውን አነሣ። በሩ ጋ ጀበና ተጥዷል፣ ልጅቷ ሲኒ እያጠበች ነው። «ቸኩለናል» አለ። ምን እንዳስቸኮለው እግዜር ይወቅ፤ አውቶቡሱ የማግሥቱ ጠዋት ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናው ላይ ከጎናችን ካሉት ሽማግሌ ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመረ፣ በረካው ሲደርስ እሳቸው የሱን እናት ቤተሰብ ከነመንደራቸው እንደሚያውቁ ታወቀ። ያን ቀን ማታ እራት የበላው እሳቸው ቤት ነው። እኔን አልጠሩኝም።