አሞክሳሲሊን እንዴት ይወሰዳል? ከማዘዣው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ

አሞክሳሲሊንን የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። ቶንሲል ሲያም፣ ጥርስ ሲያብጥ፣ ልጅ "ጆሮዬን" ብሎ ሲያለቅስ ቀድሞ የሚነሳው የእሱ ስም ነው። ዋጋው አይከብድም፣ በየፋርማሲው አለ፣ ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም ይታዘዛል። ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን በጣም ስለለመድነው እንደ ፓራሲታሞል ቆጥረነዋል። ሲያመን እንጀምረዋለን፣ ሲሻለን እንተወዋለን፣ የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጣለን። ይህ አንጀቴን ያቃጥለኛል። መድኃኒቱ የሚሠራውም የሚከሽፈውም በአወሳሰዳችን ነውና እስቲ ከመጀመሪያው እንሂድ።

1. መጀመሪያ ሕመሙ የባክቴሪያ መሆኑን አረጋግጡ

አሞክሳሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያን ብቻ ነው። ባክቴሪያ ዙሪያውን የሚጠብቀው ጠንካራ ግድግዳ አለው። ውስጡ ያለው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ ያለዚያ ግድግዳ መኖር አይችልም። ሲያድግና ለሁለት ሲከፈል ግድግዳውን እየሠራ ይሄዳል። አሞክሳሲሊን ታዲያ ግድግዳውን የሚያያይዙትን ፕሮቲኖች ይዞ ሥራ ያስፈታቸዋል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የሰው ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው እኛን ብዙም አይነካንም።

ቫይረስም ግድግዳ የለውም። ስለዚህ አሞክሳሲሊን ለጉንፋን፣ ለኢንፍሉዌንዛ፣ ለአብዛኛው ሳልና ንፍጥ ምንም አይሠራም። "አሞክሳ ወስጄ በሳምንቱ ለቀቀኝ" የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ጉንፋኑ ባይወስድም በሳምንቱ ይለቀው ነበር።

ሐኪሞች የሚያዙት ለባክቴሪያ የሳንባ ምች፣ ለጆሮና ለሳይነስ ኢንፌክሽን፣ ለጥርስ መግል፣ ለአንዳንድ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) ደግሞ እንደ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ካሉ መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ለብቻው ለጨጓራ አይበቃም። "ታይፎይድና ታይፈስ" ተብሎ የሚመጣ ሰውም አሞክሳሲሊን አምጡ ባይል ይሻላል። የታይፈስ ጀርም የሚኖረው ሴል ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ይህ መድኃኒት አያጠፋውም።

ቶንሲል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ የምንሳሳተው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው። ሳልና ንፍጥ አብሮት ካለ ወደ ቫይረስ ያደላል። ሳል ሳይኖር ትኩሳት ካለ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ከታየ፣ አንገት ሥር ያበጠ ዕጢ ሲነኩት ካመመ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ይህ ባክቴሪያ በልጆች ላይ በደንብ ሳይታከም ሲቀርና ሲመላለስ የልብ ቫልቭ የሚጎዳ የሩማቲክ የልብ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። አገራችን ውስጥ ገና በለጋ ዕድሜያቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚጠብቁ ብዙ ልጆች መነሻቸው ይኸው ነው። ስለዚህ ለዚህ ቶንሲል አሞክሳሲሊን አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ለ10 ቀን ነው፤ ልጁ በ3ኛው ቀን ኳስ መጫወት ቢጀምርም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ልጁን ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር አያድነውም።

2. ከመቀበላችሁ በፊት እነዚህን ተናገሩ

አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ለንደን ውስጥ ያገኘው በ1928 እ.ኤ.አ. ሲሆን አሞክሳሲሊን በዚያችው አገር ተሠርቶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሕክምና ዋለ። ዝምድናውን ማወቅ ለአንድ ነገር ይጠቅማል። የፔኒሲሊን መርፌ፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን ወይም ኦግመንቲን ወስዳችሁ ሰውነታችሁ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ አሞክሳሲሊንም ሊያደርግባችሁ ይችላል። ይህን ሳትጠየቁ ተናገሩ። ወረፋ ሲበዛ የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል።

የኩላሊት ሕመም ካለባችሁም ንገሩ፤ መድኃኒቱ የሚወጣው በሽንት ስለሆነ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነ የደም ምርመራችሁን ቀረብ አድርጎ መከታተል ያስፈልጋል። ሜቶትሬክሴትና የሪህ መድኃኒቱ አሎፑሪኖልም መጠቀስ አለባቸው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሐኪም ካዘዘላቸው ያለ ስጋት ይወስዱታል። የወሊድ መከላከያ እንክብልንም አያበላሽም፤ ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ካመጣ ግን እንክብሉ ሳይሠራ ሊቀር ስለሚችል ተጨማሪ ጥንቃቄ አድርጉ።

ያለ ማዘዣ መግዛት በሕግ አልተፈቀደም። በየሰፈሩ የሚሆነውን ግን ሁላችንም እናያለን። ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም በሻንጣ ያስልካሉ፤ አሜሪካም አውሮፓም ያለ ማዘዣ አይሸጥምና። እዚያ ግን ጉሮሮን በጥጥ ጠርጎ ባክቴሪያ መሆን አለመሆኑን በደቂቃዎች የሚለይ ምርመራ በቀላሉ ይገኛል። ከአዲስ አበባ የመጣ ካፕሱል ከመዋጥ ያን ምርመራ ማሠራት ይበልጣል።

3. "1×3" ማለት በየ8 ሰዓቱ ነው

የፋርማሲው ትንሽ ፖስታ ላይ የሚጻፈው 1×3 ብዙ ጊዜ "ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት" ተብሎ ይተረጎማል። እንደዚያ ከሆነ ሦስቱም ቀን ላይ ይታጨቁና ሌሊቱ ባዶ ይቀራል። አሞክሳሲሊን ደም ውስጥ አይቆይም። በየ1 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ በሽንት ይወጣል። ባክቴሪያውን የሚጨርሰው ደግሞ በአንዴ መብዛቱ ሳይሆን ሳይቋረጥ በቂ መጠን መኖሩ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን እኩል ክፈሉት። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ለብዙ ሰው ይመቻል። ስልካችሁ ላይ ሦስት ማንቂያ ሙሉ።

በምግብም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ሆድ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ከምግብ ጋር ይሻላል። ካፕሱሉን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ዋጡት።

ፍሬ ብትረሱ ባስታወሳችሁ ጊዜ ውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዉት፤ ሁለት ደርቦ መዋጥ የለም።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ማዘዣው ሲጻፍ ተናገሩ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾምም ረመዳንን የያዘም ሰው የቀኑ ፍሬ ያልፈዋል። ለአንዳንድ ሕመም መጠኑ ተስተካክሎ በቀን 2 ጊዜ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ለታመመ ሰው ሁለቱም እምነቶች መንገድ አላቸው፤ የሃይማኖት አባቶችን ጠይቁ። የካፕሱሉ ልባስ ብዙውን ጊዜ ከእንስሳት ከሚገኝ ጄላቲን ስለሚሠራ ይህ የሚያሳስበው ሰው በሌላ መልክ የተዘጋጀ እንዳለ ይጠይቅ።

4. የልጆችን ሽሮፕ ማዘጋጀት

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ሽሮፑ የሚሸጠው በጠርሙስ ውስጥ በዱቄት መልክ ነው። ቢቻል ፋርማሲስቱ እዚያው እንዲበጠብጥላችሁ ጠይቁ። ቤት የምታዘጋጁት ከሆነ ውሃ አፍሉና ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ትኩስ ውሃ መድኃኒቱን ያበላሻል።

ጠርሙሱን ሳትከፍቱ ታቹን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ታች የተጋገረው ዱቄት ይላቀቃል። ጠርሙሱ ላይ ወይም ወረቀቱ ላይ ምልክት የተደረገ መስመር አለ። ውሃውን መጀመሪያ ከመስመሩ ዝቅ አድርጋችሁ ጨምሩና ክዳኑን ገጥማችሁ በደንብ በጥብጡ። አረፋ ይነሳል። አረፋው እስኪወርድ ጠብቁና ፈሳሹ ራሱ መስመሩ ላይ እስኪደርስ ውሃ ጨምሩ። አረፋውን አይቶ "ሞላ" ያለ ሰው ውሃ አሳንሶ መድኃኒቱን ያወፍረዋል። መስመሩን ያለፈ ደግሞ ያቀጥነዋል። ድጋሚ በጥብጡ፣ የተበጠበጠበትን ቀን በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።

ከዚህ በኋላ የሚቆየው እንደ አምራቹ 7 ወይም 14 ቀን ነው፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ፍሪጅ ካለ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በረዶ እንዳይሠራ ግን ተጠንቀቁ። ፍሪጅ ከሌለ ገና ስትገዙ ንገሩና ያለ ፍሪጅ ስንት ቀን እንደሚቆይ አስነግሩ። ሁለት ጠርሙስ ከተሰጣችሁ ሁለተኛውን የምትበጠብጡት የመጀመሪያው ሲያልቅ ነው።

መድኃኒቱ ታች ስለሚዘቅጥ በሰጣችሁ ቁጥር ጠርሙሱን ነቅንቁ። ካልነቀነቃችሁ ልጁ መጀመሪያ ላይ ቀጭኑን፣ መጨረሻ ላይ ወፍራሙን ይጠጣል። መለኪያችሁ የሻይ ማንኪያ አይሁን፤ የየቤቱ ማንኪያ ይለያያል። አብሮ የመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ፤ በጉንጩ በኩል ቀስ እያላችሁ አፍስሱለት።

አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም የያዘና 250 ሚሊ ግራም የያዘ ሆኖ ይመጣል። ባለፈው 125ቱን 5 ሚሊ ሊትር ስትሰጥ የነበረች እናት ዘንድሮ 250ውን ገዝታ ያንኑ 5 ብትሰጥ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የልጅ መጠን የሚሰላው በኪሎው ስለሆነ ለታላቁ የታዘዘው ለታናሹ አይሆንም።

ጤና ኬላ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለሳንባ ምች የሚሰጡት በውሃ የሚሟሟው ፍሬ ይህን ሁሉ ጣጣ ይቀንሳል። በማንኪያ ንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟና ወዲያው ይሰጣል። ልጁ በሰጣችሁት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተፋው ወይም ካስመለሰው ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይደገማል።

5. ምን ሲታይ ይታገሱታል፣ ምን ሲታይ ይሮጣሉ?

ለስላሳ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መጮህ የተለመዱ ናቸው። መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ስለሚነካ ነው። ፈሳሽ አብዝቶ መጠጣት፣ ለልጅ ኦአርኤስ መስጠት ይበቃል። አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ወይም የብልት ማሳከክ ከመጣ የፈንገስ ስለሆነ ይታከማል።

ሳማ እንደለበለበው ዓይነት ከፍ ከፍ ያለ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የከንፈር፣ የምላስ ወይም የፊት እብጠት፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ድንገት ራስን መሳት ከመጣ ግን መድኃኒቱን አቁማችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው። ቆዳ ማቃጠልና መላጥ፣ ብዙ ውሃማ ወይም ደም ያለበት ተቅማጥም ቶሎ መታየት አለበት። ተቅማጡ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ልጆች ላይ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚወጣ ጠፍጣፋ ቀይ ሽፍታ ሁልጊዜ አለርጂ አይደለም፤ አብሮ ያለ የቫይረስ ሕመም ሊያመጣው ይችላል። ፎቶ አንሱና ለሐኪም አሳዩ። አሜሪካ ውስጥ ፔኒሲሊን አይስማማኝም ከሚሉ 10 ሰዎች 9ኙ ያህል ሲመረመሩ አለርጂ የለባቸውም። በስህተት የተለጠፈ አለርጂ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ጥሩ መድኃኒት ያሳጣዋል።

6. ሲሻላችሁና ሲተርፍ

በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ለውጥ መታየት አለበት። ካልታየ፣ ትኩሳቱ ካልወረደ ወይም ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰና ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ተመለሱ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ሊኖረው ይችላል፤ ኦግመንቲን ውስጥ ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረው ይህን ኢንዛይም ለመግታት ነው። መለወጥ ግን የሐኪም ሥራ ነው።

ከተሻላችሁም የታዘዘውን ቀን ጨርሱ። አንዳንዱ ሕመም 5 ቀን ይበቃዋል፣ አንዳንዱ 10 ይፈልጋል፤ በራስ ማሳጠርም ማስረዘምም የለም። ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር መጠኑን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ጀርሙን ሳይገድል መድኃኒቱን እንዲቋቋም ያስተምረዋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬ በመድኃኒት የማይበገሩ ጀርሞች በየሆስፒታሉ አሉ፤ የሚዛመቱትም ከሰው ወደ ሰው ነው።

ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ደግሞ ይቅር። ካፕሱሉ የተሠራው ለመዋጥ ነው። ቁስል ላይ ሲነሰነስ ይጋገራል፣ ሥር ያለውን ቆሻሻ ይደብቃል፣ አለርጂም ያስነሳል። ቁስልን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይሻላል፤ ጥልቅ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የተረፈ ካለ ለጎረቤት አትስጡ፣ ለሚቀጥለው ጉንፋንም አታስቀምጡ። የሚቀበል ፋርማሲ ካለ መልሱ። ከሌለ ካፕሱሎቹን ሳትከፍቱ ከቡና አተላ ጋር ደባልቁ፣ በፌስታል ጠበቅ አድርጋችሁ እሠሩና ልጆች ከማይደርሱበት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጣሉት። ቀኑ ያለፈበት ሽሮፕም እንደዚሁ አተላው ላይ ፈስሶ አብሮ ይጣላል።