ኮራሉን ማን ነው የሚበላው? ለትንሽ የባሕር ውኃ ገንዳ ችግርና መፍትሔ

ደብረ ብርሃን ላይ ኮራል የምታሳድጉ ከሆነ፣ ኮራሉ ሲከፋ መጀመሪያ ትል አትፈልጉ። ቴርሞሜትሩን እዩ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምንኖረው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሂተሩ ከቆመ፣ 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ቶሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ኮራል ደግሞ 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል።

መለያው ይኸውላችሁ። ብርድ ወይም የጨው መዛባት ሲሆን ሁሉም ኮራል አንድ ላይ ይኮማተራል። ተባይ ግን መርጦ ነው የሚበላው። አንዱ እየተቦጨቀ ጎረቤቱ ደህና ከሆነ ያን ጊዜ ተባይ ጠርጥሩ። ለብርዱ የመንዝ ባና ጎንና ጎኑን ጠቅልሎ መያዝ ይረዳል። ከላይ ግን አትክደኑት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ደረጃ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቤት ውስጥ ይኑር።

ዞዋንቲድ ተዘግቶ አልከፈት ሲል

አበባ የሚመስለው ኮራል ማለቴ ነው። ለሁለት ሦስት ቀን ከተዘጋና አንዳንዱ ፖሊፕ (እያንዳንዷ አበባ መሳይ አካል) ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ በላተኛው ኑዲብራንክ ነው። ዛጎል የሌለው ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ቀን ብታፈጡ አታዩትም። የበላውን ፖሊፕ ቀለም ይይዛል፤ ጀርባው ላይ ያሉት ጣት መሳይ ነገሮችም ከፖሊፑ ጠርዝ ጋር ይመሳሰላሉ። አረንጓዴ ከበላ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ከበላ ብርቱካናማ ነው።

እጅ ከፍንጅ ለመያዝ የገንዳው መብራት ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ በባትሪ ፈልጉት። ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ ብታስሩበት ይሻላል። ያገኛችሁትን በወረንጦ ልቀሙ። ከዚያ ኮራሉን ከነድንጋዩ አውጡና ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በተሞላ ነጭ ሳህን ውስጥ አድርጉት። ለኮራል የተዘጋጀውን የአዮዲን መንከሪያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩ። በሲሪንጅ ውኃ እየረጫችሁ በየስንጥቁ እጠቡት። ሳህኑ ነጭ የሆነው የሚረግፈውን ለማየት ነው። ሲያልቅ በሌላ የገንዳ ውኃ አለቅልቁት፤ የሳህኑ ውኃ ግን ተመልሶ ገንዳ እንዳይገባ።

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። መንከሪያው ኑዲብራንኩን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። እንቁላሉ ፖሊፑ ግንድ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ክር ይመስላል። በወረንጦ አንድ በአንድ አንሱት። የቀረው ስለሚፈለፈል በየሳምንቱ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ድገሙት።

አደራ! ዞዋንቲድ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። በብሩሽ አትፈትጉት፤ ይረጫል። ድንጋዩንማ በጭራሽ እንዳትቀቅሉት፤ እንፋሎቱ ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

እዚያው ፖሊፑ መሃል ጠፍጣፋ፣ ዳማ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ያለበት ቀንድ አውጣ ካገኛችሁ እሱም ዞዋንቲድ በላተኛ ነው። ለቅሞ ማውጣት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሞንቲፖራ ከጠርዙ ሲነጣ

ሞንቲፖራ የሚባለውን ኮራል ገልብጡት። ከሥሩ ነጭ፣ ላባ መሳይና ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ኑዲብራንክ ታገኛላችሁ። መንከሩ ያው ነው። ግን የሚጣፍጠው መፍትሔ ማስራብ ነው፤ ይህ ተባይ ከሞንቲፖራ ሌላ አይበላም። ሞንቲፖራዎቹን በሙሉ ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሩና እዚያ በየሳምንቱ እየነከራችሁ አቆዩ። ዋናው ገንዳ ከአንድ ወር በላይ ያለ ሞንቲፖራ ይክረም። የተፈለፈለው ሁሉ ምግብ ያጣል።

አክሮፖራ ላይ ክብ ክብ ገረጣ ያለ ንክሻ

አክሮፖራ የሚባለውን ኮራል እንዲህ የሚነክሰው ጠፍጣፋ ትል ነው። በሲሪንጅ ስትረጩበት ተላቅቆ ይወርዳል። እንቁላሉን ከኮራሉ ሥር፣ ሥጋው ያለቀበት አጥንት ላይ ነው የሚጥለው። ያን ክፍል ሰብራችሁ ጣሉ ወይም በጄል ሱፐር ግሉ ድፈኑት። እንቁላሉ ሦስት ሳምንት ገደማ ሊቆይ ስለሚችል መንከሩን ቶሎ አታቋርጡ።

ትንንሽ የባሕር ኮከቦች መስታወቱን ሲሞሉ

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን። አስቴሪና የሚባሉት እነዚህ ኮከቦች አብዛኞቹ አልጌ በላተኞች ናቸው። ዞዋንቲድ ላይ ተቀምጦ ሲበላ ያያችሁትን ብቻ ልቀሙ። ሃርለኪን ሽሪምፕ ያጠፋቸዋል፤ እውነት ነው። ግን ከባሕር ኮከብ ሌላ ስለማይበላ ሲጨርሳቸው በረሃብ ይሞታል። ለ60 ሊትር ገንዳ አልመክርም።

ሌሊት የሚገነጠል ኮራል

ጸጉራም፣ የጥፍሩ ጫፍ ጥቁር የሆነ ሸርጣን ጠርጥሩ። ንጹሕ የአረቄ መለኪያ ውስጥ ቁራጭ ጥሬ ቆሮሶ ጨምሩና ማታ ድንጋዩ ላይ አስደግፉት። ይገባል፤ መስታወቱ ስለሚያንሸራትተው መውጣት ያቅተዋል።

ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ አበባ ሲበዛ

አይፕታዚያ የሚባል አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ ነው። ኮራል አይበላም፤ ግን ይናደፋል። አትፋቁት፤ ከቁራጩ እንደገና ይበቅላል። ፓምፑን አጥፍታችሁ የሎሚ ጭማቂ በመርፌ አፉ ውስጥ ውጉት፤ በአንድ ቀን ጥቂቱን ብቻ።

ተባይ የሚበላ ዓሣ ለምን አንጨምርም ለምትሉ፦ ሲክስ ላይን ራስ (six-line wrasse) የሚባለው ዓሣ ጠፍጣፋ ትል ይለቅማል። ግን እንቁላሉን ያጠፋልኛል ብላችሁ አትመኩበት፤ በጠባብ ገንዳ ደግሞ ሌላውን ዓሣ ያሳድዳል። እኔ ወረንጦውን እመርጣለሁ። ለጎመን ትል የሚረጨውን የትምባሆ ውኃ ሞክር የሚላችሁ ሰውም አይጠፋም። ኒኮቲኑ ሽሪምፑንም ቀንድ አውጣውንም አብሮ ይጨርሳል።

አዲስ ኮራል ስታመጡ የመጣበትን መቀመጫ ጣሉት፤ እንቁላል የሚደበቀው እዚያ ነው። ኮራሉን ንከሩና ሂተርና መብራት ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ለብቻው ወር አቆዩት። ማታ ማታ በባትሪ እዩት።