«ፖሊስ ካልገባ ሰላም ነው» እና ሌሎች ስህተቶቻችን

ባሕር ዳር ውስጥ የመምህራንን ወሬ መስማት ከፈለጋችሁ ሐይቁ ዳር ኑ። ከሥራ በኋላ ሦስት አራት ሆነን ቡናችንን ይዘን እንቀመጣለን። ወሬው ከደመወዝ ይነሳና ቀስ እያለ ወደ ግቢው ጉዳይ ይገባል። የማናውቀው ሰው አጠገባችን ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ግን በአንዴ ወደ አርሴናል ይዞራል። «ዝም በሉ» ያለ ሰው የለም። ብቻ ይዞራል። ኳስ የማይወደው ጓደኛችን ሳይቀር ስለ ተከላካይ መስመር መተንተን ይጀምራል።

ስለ አካዳሚያዊ ነፃነት ከባልደረቦቼ፣ ከተማሪዎቼ፣ ከእናቴም ጭምር ብዙ የተሳሳተ ነገር ሰምቻለሁ። ግማሹን እኔም አምኜው ኖሬያለሁ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ነፃነት ማለት የፈለጉትን መናገር ነው»

ይሄ የመጀመሪያው መደባለቅ ነው። እዚሁ ደጃችን ያለውን የእምቦጭ አረም ውሰዱ። ጣና ላይ ከታየ ከ2004 አካባቢ ወዲህ ስፋቱ ስንት ሄክታር ነው የሚለው ቁጥር ሳይንስ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ዘመቻዬ ሠራ ለማለት የሚፈልግ ቁጥሩ እንዲያንስ ይመኛል። በጀት የሚጠይቅ ደግሞ እንዲበዛ። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ በጀልባ ወጥቶ ይለካል እንበል። የለካውን ቁጥር ማንንም ሳያስፈቅድ ማሳተምና ክፍል ገብቶ ማስተማር ከቻለ አካዳሚያዊ ነፃነት አለው። ያው ሰው ማታ ፌስቡክ ላይ «ከንቲባው ይውረድልን» ብሎ ከጻፈ ግን የተጠቀመው እንደማንኛውም ዜጋ ያለውን መብት ነው። እሱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ጉዳይ ነው።

ሁለቱም መብት ናቸው። ሲደባለቁ ግን ጉዳት አለው። ስለ ጥናቱ የሚሟገተው ሰው ወዲያው «ፖለቲከኛ» ይባልና ነገሩ ያበቃል። በተቃራኒውም አለ። በክፍለ ጊዜው የፓርቲ ቅስቀሳ የሚያደርግ መምህር በአካዳሚያዊ ነፃነት ስም መከላከል አይችልም። አንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን የሚለው ለመንግሥትም ለእኛም ነው።

«ፖሊስ ግቢ ካልገባ ሰላም ነው»

አፈና ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ዱላ ነው። ዱላውም ነበር። በሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ ከባድ አልነበረም፤ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለሱልን። መልሱ ኃይል ሆነ። ግጭቱ ወደ ከተማው ወጣ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ተማሪ አነሳስታችኋል ተብለው ታሰሩ።

ግን ከዚያ ስምንት ዓመት ቀድሞ የሆነውን እዩ። በ1985 ከ40 በላይ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራቸውን ሲያጡ የደረሳቸው ዱላ አልነበረም። ደብዳቤ ነው። ከተሰናበቱት አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ ስንትና ስንት ሐኪም ያፈሩ የቀዶ ሕክምና መምህር።

አሁን አሁን ደብዳቤም ላያስፈልግ ይችላል። ፕሮፖዛልህ ኮሚቴ ይገባና አይወጣም። ለኮንፈረንስ የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈርሙልህ ሰው «መስክ ናቸው» ትባላለህ። ሁልጊዜ መስክ ናቸው። ለዓመታት የሰጠኸው ኮርስ ለሌላ ይሰጣል፤ ምክንያቱን የሚነግርህ የለም። የትምህርት ዕድል ዝርዝር ሲለጠፍ ስምህ የለበትም። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ ቀልድህን ሳይቀር ሲጽፍ ታየዋለህ፤ ማስታወሻ ይሁን ሪፖርት በምን ታውቃለህ? ለጥናት ተብሎ የመጣውን አንድ ለአምስት የተባለ የተማሪዎች ቡድን እንኳ ጆሮ መጥቢያ ነው ብሎ ያልጠረጠረ ተማሪ ጥቂት ነበር።

አካዳሚያዊ ነፃነትን በየአገሩ እየለኩ በየዓመቱ የሚያወጡ ተመራማሪዎች አምስት ነገር ያያሉ። የመመራመርና የማስተማር ነፃነት፣ ውጤትን የመለዋወጥና የማሰራጨት ነፃነት፣ የተቋሙ ራስ ገዝነት፣ ግቢው ከክትትልና ከጸጥታ ኃይል ነፃ መሆኑ፣ ምሁሩ ሐሳቡን በአደባባይ መግለጽ መቻሉ። ፖሊስ በቀጥታ ያለበት አንዱ ላይ ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ዘበኛው በር ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ሊጠፉ ይችላሉ።

«እሱ የዚያ መንግሥት ችግር ነበር»

ይሄን የሚል ሰው ሁልጊዜ ያለፈውን መንግሥት ነው የሚያማው። የትኛውን ያለፈ? በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደል፣ በማግስቱም ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ተማሪ ላይ ሲተኮስ ዘመኑ የንጉሡ ነበር። ደርግ ሲመጣ በ1967 ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ፤ ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ዓመት ተዘጋ። 1985ንና 1993ን ከላይ አነሳኋቸው፤ እነሱ ደግሞ የኢሕአዴግ ናቸው። የከተማችን ፖሊ (ፖሊ ቴክኒኩ) በ1955፣ ፔዳ (የመምህራን ኮሌጁ) በ1965 አካባቢ ነው የተከፈቱት። እዚህ ሐይቅ ዳር የቆዩ ሽማግሌ መምህራን ሦስቱንም ዘመን በዓይናቸው አይተዋል። «ዘመኑ ሲቀየር የሚቀየረው የምንፈራው ነገር ስም ነው» ብለውኛል አንዱ ጋሼ፣ እየሳቁ።

የዚህ ስህተት ታናሽ ወንድም ደግሞ አለ። የራሳችን ወገን ሲነካ መጮህ፣ የማንወደው ሰው ሲነካ «የእጁን ነው ያገኘው» ማለት። ይሄንን እኔም አድርጌዋለሁ። ያፈርኩበት ነገር ነው።

«መምህሩ ፈሪ ስለሆነ ነው»

እናቴ ስትደውል መጨረሻ ላይ ሁሌ የምትለው አላት፦ «ልጄ፣ ጎመን በጤና። አርፈህ አስተምር።» ልቆጣት አልችልም። እሷ የምታውቀው ጎረቤት ሄዶ ያልተመለሰበትን ዘመን ነው።

ከዚህ ርቆ ባለ አንድ ግቢ ሳስተምር ከመሬታቸው ስለተነሱ ገበሬዎች ጥናት ሠራሁ። ርዕሱ «የካሳ አከፋፈል ችግሮች» የሚል ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። ጠርቶ ያስፈራራኝም የለም። ብቻ አንድ ማታ ተነስቼ ርዕሱን «የካሳ አከፋፈል ዕድሎችና ተግዳሮቶች» አደረግኩት። በማግስቱ ሦስት ገበሬዎች የነገሩኝን ክፍል አወጣሁ። በሳምንቱ ሠንጠረዡን አሳጠርኩ። ጽሑፉ ታተመ፣ ለዕድገትም ጠቀመኝ። አገራችን ውስጥ «ዕድሎችና ተግዳሮቶች» የሚል ጥናት ባየሁ ቁጥር ከሥር የነበረውን ርዕስ ለመገመት እሞክራለሁ።

ታዲያ ፈሪ ነኝ? ሊሆን ይችላል። ግን እኔን ፈሪ ማለት ምንም አያብራራም። ቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ውሉና ዕድገቱ በሌላ ሰው ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ብቻውን ሲሆን ያው ይሆናል። ጀግና ከመፈለግ ይልቅ «ለምንድን ነው ሁሉም ብቻውን የሆነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመምህራን ማኅበርህ ስልክ ስትደውልለት ያነሳል?

«ራስ ገዝ ሲሆን ሁሉም ይስተካከላል»

አዋጅ 1294/2015 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ መንገድ ከፈተ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆነ። መልካም ነው። ግን የተቋም ነፃነትና የመምህር ነፃነት አንድ አይደሉም። ከሚኒስቴር ነፃ የወጣ ፕሬዚዳንት ባለ ሙሉ ሥልጣን አለቃ ሊሆንብህም ይችላል። ቦርዱን ማን ይሾማል፣ ብሩ ከየት ይመጣል፣ ተቃውሞ ያለው ሰው የት ይሄዳል? እነዚህን ሳይጠይቁ ማጨብጨብ ችኮላ ነው።

«ኢንተርኔት ሌላ ጉዳይ ነው»

አይደለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ጥናታዊ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ አንድ ጽሑፍ ለማውረድ ዋይፋይ ፍለጋ ከቦታ ቦታ ሲዞር ያየ ሰው፣ ይሄ የቴሌ ጉዳይ ብቻ ነው አይልም።

«ስሙን ለጥፈን እናስፈታው»

አንድ መምህር ወይም ተማሪ ሲታሰር የሚባል ነው። በጎ ሐሳብ ነው፤ አንዳንዴም ይሠራል። ግን ቤተሰቡን ወይም ጠበቃውን ሳትጠይቁ የሰው ስምና ፎቶ አትለጥፉ። ያላረጋገጣችሁትን አትጨምሩ። አንድ የተጋነነ ነገር ከተገኘበት እውነቱም አብሮ ይጣላል። የቀረውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

«በቃል ተነጋግረን ጨርሰናል»

እኔን የጎዳኝ ይሄኛው ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 አካዳሚያዊ ነፃነትን በስሙ ጠርቶ ያስቀምጠዋል። አብዛኞቻችን ግን አዋጁንም የሴኔቱን ደንብም አንብበን አናውቅም። አፈና ደግሞ በቃል መሥራት ይወዳል። «ያቺን ምዕራፍ ለጊዜው ተዋት» ይባላል፤ ስልክ ተደውሎ ወይም ኮሪደር ላይ። እንዲህ ሲባል በጨዋነት «እሺ፣ በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ትእዛዙ እዚያው ይቀራል፤ ፈራሚ ስለማይገኝለት። አልሰጥም ካሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል ማታውኑ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። የምታስቀምጡበት ቦታ የቢሮ ኮምፒውተር አይሁን።

ቃለ ጉባኤንም አንብቡ። ያኔ የካሳውን ጥናት በሠራሁበት ግቢ አንድ ምዕራፍ ከኮርሳችን ይውጣ ተብሎ ስብሰባ ተጠራን። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። አንዷ ባልደረባችን እንባዋ እስኪመጣ ተሟገተች። በሳምንቱ ጸሐፊው ወረቀት ይዞ መጣ። ክፍል ልገባ ስለነበር ቆሜ ፈረምኩለት። በኋላ ሳየው ከክርክሩ አንድ መስመር የለም። «በመምህራኑ ሙሉ ስምምነት ተወስኗል» ይላል። ከሥሩ ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው።