ቤቱን ለትዳር ጓደኛ ሲለቁ ከባንክ ዕዳው እንዴት ይወጣሉ?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከሸዋሮቢት ደብረ ብርሃን ድረስ አንድ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ከባሏ ከተለያዩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ያኔ ሽማግሌዎች ፊት «ቤቱ ለእሱ ይሁን፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ልውጣ» ብላ ነው የወጣችው። ደብዳቤው የባንክ ነበር። ወርሃዊ ክፍያው ስለተቋረጠ ትክፈል ይላል። «ወንድሜ፣ ቤቱን እኮ ትቼለታለሁ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቤቱን ትታለች። ዕዳው ግን እሷን አልተዋትም።

ካርታ ላይ ያለ ስምና ብድር ውል ላይ ያለ ስም ለየብቻ ናቸው። ከካርታው ስምዎን ማዘጋጃ ቤት ያነሳል። ከብድሩ የሚያነሳዎ ግን ባንኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ።

1. መጀመሪያ ፊርማዎን ያንብቡ። የብድሩንና የመያዣውን ውል ቅጂ ከባንኩ ይጠይቁ። የፈረሙት ምን ሆነው ነው? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው።

አብረው ተበድረው ከሆነ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1896 እንዲህ ነው የሚለው። ይህ ማለት ባንኩ «ግማሹ የእሱ ነው» የሚለውን ሳይሰማ ሙሉውን ገንዘብ ከእርስዎ መጠየቅ ይችላል። ዋስ ሆነው ፈርመው ከሆነም፣ በዋስትናው ልክ ይጠየቃሉ።

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው የሚምታታበት ነው። የጋራ ቤት ለመያዣ ሲሰጥ የባልና የሚስት ስምምነት ስለሚያስፈልግ ብቻ የፈረሙ አሉ። እነሱ ተበዳሪ አይደሉም። ቤቱ ሊሸጥ ይችላል፣ በግላቸው መጠየቃቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ለቤተሰቡ ጥቅም ከዋለ የጋራ ዕዳ ነው የሚል ክርክር ሊነሳ ስለሚችል፣ ውሉን ለጠበቃ ያሳዩ።

2. ከሽማግሌም ከፍርድ ቤትም በፊት ባንክ ይሂዱ። የቀረውን ዕዳና የተጠራቀመ ቅጣት ካለ በጽሑፍ ይውሰዱ። ከዚያ በማመልከቻ፣ «እኔ ከብድሩ እንድወጣና ቤቱን የሚወስደው ብቻውን ተበዳሪ እንዲሆን» ብለው ይጠይቁ። ባንኩ የቀሪውን ሰው ገቢ አይቶ ይወስናል፤ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ሌላ ዋስ ወይም ተጨማሪ መያዣ ሊጠይቅ ይችላል። እምቢ ካለ የሚቀረው መንገድ ቤቱን ሸጦ ዕዳውን መክፈልና የተረፈውን መካፈል ነው። የሚያሳዝን ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቤት ሳይኖርዎት ዓመታት ዕዳ ከመሸከም ይሻላል።

3. የፍቺውን ስምምነት በዝርዝር ይጻፉ። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ተስማምታችሁ ከተፋታችሁ ስምምነቱን ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። «ቤቱ ለእሱ» ብላችሁ አታቁሙ። ዕዳውን ማን እንደሚከፍል፣ እስከ መቼ ብድሩን በስሙ እንደሚያዞር፣ ካላዞረ ቤቱ እንደሚሸጥ ይግባበት።

ይህ የፍቺ ስምምነት የሚያስረው ሁለታችሁን ነው። ባንኩን አያስረውም። የሚጠቅምዎ ከፍለው ቢገኙ ገንዘቡን ከቀድሞ ባለቤትዎ ለማስመለስ ነው።

4. ስም ማዞር መጨረሻ ይሁን። መያዣ የተመዘገበበት ቤት ያለ ባንኩ ደብዳቤ ስሙ መዞሩ ያስቸግራል፣ ያም ለእርስዎ ጥሩ ነው። ባንኩ ከብድሩ እንዳወጣዎ የሚገልጸው የመልቀቂያ ደብዳቤ እጅዎ ሳይገባ ካርታውን አሳልፈው አይስጡ። ቤቱን ከሰጡ በኋላ ሌላውን ወገን ባንክ ድረስ የሚጎትትልዎ ነገር አይኖርም።

ክፍያ ከተቋረጠ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ውሉ ከፈቀደለት ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ክስ ሳይመሠርት መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ከተበዳሪዎቹ ይፈለጋል። አድራሻ ከቀየሩ ለባንኩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ደብዳቤው የድሮው ቤት ደርሶ እንዳይቀር።

የአክስቴ ልጅ ሁለት ዓመት ዘግይታ ነው ከቁጥር አንድ የጀመረችው። የቀድሞ ባሏ ወንድሙን ዋስ አድርጎ ብድሩን በስሙ እስኪያዞር አራት ወር ፈጀ። የመልቀቂያውን ደብዳቤ አሁን ከልጆቿ የልደት ካርድ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አድርጋ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች።